ማሳሰቢያ፦ በነጻ ሶፍትዌር የኦንላይን ሱቅ ለምትከፍቱ የአርባ ምንጭና የጋሞ ዞን ነጋዴዎች

ባለፈው ክረምት አንዲት የጨንቻ ልጅ ሲቀላ ወዳለችው የጥገና ክፍሌ መጣች። ዝናብ እንዳያገኘው ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላዋለች። አባቷ ሸማኔ ናቸው፤ እሷ ደግሞ የሠሩትን ጋቢና ቡልኮ ፎቶ እያነሳች በራሷ ዌብሳይት ትሸጣለች። «ጋሼ፣ ትዕዛዙ ተከፍሏል ይላል፤ ብሩ ግን አልገባም» አለችኝ። ገጹን ከፍተን አየን። ሦስት ትዕዛዝ፣ ሦስት የተለያየ ስም፣ አንድ ስልክ ቁጥር። ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ፊት «ተከፍሏል» የሚል ጽሑፍ አለ። ጋቢዎቹ ከሁለት ቀን በፊት በአዲስ አበባ አውቶቡስ ተጭነው ሄደዋል፤ ስልኩም ከዚያ ወዲህ አይነሳም።

ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብንም። ሱቁን የሠራላት ልጅ የክፍያ ማገናኛውን የገጠመው በሙከራ ቁልፍ ነበር። የክፍያ ድርጅቶች ለባለሙያ ሁለት ዓይነት ቁልፍ ይሰጣሉ። አንዱ መለማመጃ ነው፤ እውነተኛ ብር አያንቀሳቅስም። ሌላው የእውነት ነው። በመለማመጃው ላይ የሚሠሩ የይስሙላ ቁጥሮች ደግሞ ማንም ሊያነበው በሚችል መመሪያ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ልጁ ሱቁን ሲያስረክብ ቁልፉን መቀየር ረሳ። መመሪያውን የሚያውቅ አንድ ሰው የይስሙላውን ቁጥር አስገባ፤ ሶፍትዌሩም እንደታዘዘው «ተከፍሏል» አለ። ድሩ ደርቶ፣ ማጉ በቀሰም ተጠቅልሎ፣ መወርወሪያው ስንት ሺህ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ብሎ የተሠራ የሦስት ጋቢ ድካም በዚህ ቀረ። አባቷ ነገሩን ሲሰሙ የጠየቋት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው አለችኝ፤ «ሱቅሽን የሚጠብቅልሽ ማን ነው?»

መልስ አልነበራትም። በከተማችን ስንቱ የኦንላይን ሱቅ ይህን ጥያቄ ቢጠየቅ መልስ እንደማይኖረው የማውቀው፣ ሲበላሹ ወደ እኔ ስለሚመጡ ነው። «ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው» የሚል ማስታወቂያ በየቴሌግራም ቻናሉ ይነገራል። ማስታወቂያው ውሸት አይደለም። የሚጎድለው ግን ሱቁ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነገር ነው፤ ይህን ማሳሰቢያ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። ዉኮሜርስ፣ ኦፕንካርት፣ ፕሬስታሾፕ፣ ማጀንቶ የሚባሉት የሱቅ ሶፍትዌሮች ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው። ማንም ያወርዳቸዋል፣ ያነባቸዋል፣ እንደፈለገው ያስተካክላቸዋል። በእኛ አካባቢ በብዛት የማየው ዉኮሜርስን ነው፤ ወርድፕረስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ላይ ይጫናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዉቴምስ የሚባል ድርጅት ጂጎሾፕ የተባለን ሌላ ክፍት ሶፍትዌር ቀድቶና አሻሽሎ አወጣው፤ በ2015 ድርጅቱን አውቶማቲክ የተባለው ኩባንያ ገዛው። እዚህ ላይ ስርቆት የለም፤ ፈቃዱ ራሱ ቅዱና አሻሽሉ ይላል። ሥራው ደቦ ነው። አንዱ የጀመረውን ማሳ ሌላው ይቀጥላል፣ ምርቱንም ሁሉም ይወስዳል። ያው ፈቃድ ግን ሰው የማያነበው ሌላ አንቀጽ አለው፤ ሶፍትዌሩ የሚሰጠው ያለ ምንም ዋስትና መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል። ቢበላሽ፣ ቢዘረፍ፣ ቢያከስር የሚጠየቅ የለም። ለሸማኔው ጥያቄ የሶፍትዌሩ መልስ ይኸው ነው።

ጥንካሬውን ሳልናገር ባልፍ ግን ጥፋት ይሆንብኛል፤ እንጀራዬም ከእሱ ነው። ወደ ዶርዜ የወጣ ሁሉ ያንን ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም ቤት አይቷል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ባለቤቶቹ የተበላውን ቆርጠው ይጥላሉ፤ ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ብዙ አሥርተ ዓመታት ይኖራል። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንስቶ ይሸከመዋል። በክፍት ሶፍትዌር የተሠራ ሱቅም እንዲሁ ይነሳል። የዕቃው ዝርዝር፣ የደንበኛው መዝገብ፣ የትዕዛዙ ታሪክ የእናንተ ነው፤ ሰርቨር የሚያከራያችሁ ቢያስቸግራችሁ ሱቁን እንዳለ ወደ ሌላ ትወስዱታላችሁ። እንደ ሾፒፋይ ያለ የኪራይ ሱቅ ላይ ግን የዕቃ ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ብትወጡም ሱቁን ነቅላችሁ አትወስዱም፤ ወርሃዊው ዶላር ሲቋረጥም በሩ ይዘጋል። ሌላም አለ። ስትራይፕ የሚባለው ዓለም አቀፍ የክፍያ ድርጅት ኢትዮጵያ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ኮዱ ክፍት በመሆኑ ግን የራሳችን ልጆች ማገናኛ ሠርተው የአገራችንን የክፍያ ድርጅት ቻፓን ከዉኮሜርስ ጋር አገናኙት፤ ዛሬ አንድ የጨንቻ ሸማኔ በብር ሊከፈለው ይችላል። የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አላስፈለገም። ይህን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም።

ነገር ግን የዶርዜው ቤት የሚኖረው በየጊዜው የሚቆርጠው ሰው ስላለ ነው።

የክፍት ሶፍትዌር ምስጥ ከራሱ ክፍትነት ይመጣል። አንድ ቀዳዳ ሲገኝ ሠሪዎቹ ደፍነው አዲስ እትም ያወጣሉ። አሮጌውንና አዲሱን ኮድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሌባ ደግሞ ቀዳዳው የት እንደነበረ በትክክል ያውቃል። ያላደሰውን ሱቅ ፈልጎ መግባት ብቻ ይቀረዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ዉኮሜርስ ፔይመንትስ በተባለው ተጨማሪ ፕሮግራም (ፕለጊን) ላይ የውጭ ሰው ያለ ፓስዎርድ አስተዳዳሪ ሆኖ እንዲገባ የሚያስችል ቀዳዳ ተገኘ፤ ወዲያው ተደፈነ። ከአራት ወር በኋላ፣ በሐምሌ፣ ሳያድሱ በቀሩት ላይ የጅምላ ጥቃት ተከፈተ። ዎርድፌንስ የተባለው የደህንነት ድርጅት የተሞከረባቸውን ዌብሳይቶች ከ150 ሺህ በላይ አድርጎ ቆጥሯቸዋል። ያ ፕለጊን ለእኛ አገር ነጋዴ የሚያገለግል አይደለም፤ የጥቃቱ መንገድ ግን እዚህም ያው ነው። ሌባው ሱቁ የአርባ ምንጭ ይሁን የፓሪስ አይመርጥም፤ የሚያስሰው በማሽን ነውና «እኔን ማን ያውቀኛል» የሚለው መጽናኛ አይሠራም።

የማጀንቶ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ኩባንያውን አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2018 በ1.68 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ የመጀመሪያውን ትውልድ ሶፍትዌር ደግሞ በሰኔ 30 ቀን 2020 ማደስ አቆመ። በዚያው ዓመት መስከረም፣ በአንድ የሳምንት መጨረሻ ብቻ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሱቆች ተሰብረው የገዢዎች የካርድ ቁጥር ተቀዳ። አብዛኞቹ ያ የተተወው ትውልድ ላይ የቀሩ ናቸው። እርግጥ ኦፕንማጅ በሚል ስም ሰዎች ተሰባስበው አሮጌውን ኮድ ማደስ ቀጥለዋል፤ ደቦ እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል። ግን ይህን ለመጠቀም መጀመሪያ ሶፍትዌራችሁ መተዉን ማወቅ አለባችሁ። ስንቶቻችሁ ነው ሱቃችሁ በየትኛው እትም ላይ እንደቆመ የምታውቁት?

ስለዚህ አድሱ እላለሁ፤ ግን በጭፍን አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያጋጠመውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩም የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ያን ያህል ባለሙያ ያለው ባንክ እንዲህ ከገጠመው፣ የእናንተ ሱቅ በአንድ አፕዴት ጠዋት ተከፍቶ ማታ ነጭ ገጽ ብቻ ቢያሳይ የሚያስገርም አይደለም። አዲስ እትም ከመጫናችሁ በፊት ሙሉ ቅጂ አስቀምጡ፤ ከተቻለም መጀመሪያ በቅጂው ላይ ሞክሩት። ለጋሞ ሸማኔ ትልቁ ገበያ ከአዲስ ዓመት እስከ መስቀል ነው። ትልልቁን እድሳት ሐምሌ ላይ ጨርሱ። በመስቀል ሳምንት አስቸኳይ የደህንነት እድሳት ካልሆነ በቀር ምንም አትንኩ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ወደ ጥገና ከሚመጡልኝ ሱቆች ውስጥ የማገኘው ዋናው በሽታ የተሰበረ ቴም ነው። ቴም የሱቁ ልብስ ነው፤ መልኩን፣ ቀለሙን፣ አቀማመጡን የሚሰጠው እሱ ነው። ጥሩ ቴም ብዙውን ጊዜ በዶላር ይሸጣል። ዶላር ደግሞ የለም። ስለዚህ ሠሪው ልጅ የክፍያ መቆለፊያውን ሰብረው «ነጻ» ብለው ከሚያድሉ ገጾች ያወርደዋል። ማንም ሌባ ደክሞ የሰበረውን ነገር ለጽድቅ አያድልም፤ ውስጡ የራሱን በር ትቶ ነው የሚሰጣችሁ። ዎርድፌንስ እ.ኤ.አ. በ2019 ደብሊውፒ-ቪሲዲ ስለሚባል ተንኮል አዘል ኮድ ሰፊ ዘገባ አውጥቶ ነበር። የሚሰራጨው በእነዚህ የተሰበሩ ቴሞችና ፕለጊኖች ውስጥ ነው፤ አንዴ ከገባ በዚያው ሰርቨር ላይ ወዳሉ ሌሎች ዌብሳይቶችም ይዛመታል።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የሴቻ የጫማ ነጋዴ ሱቁን በራሱ ስልክ ሲከፍት ደህና ነው፤ ደንበኞቹ ከፌስቡክ ሲገቡ ግን ወደ ቁማር ገጽ ይወረወራሉ። ባለቤቱን ትቶ እንግዳውን ብቻ እንዲያጠቃ ተደርጎ ነበር የተጻፈው፤ ነጋዴው ለወራት ያላወቀው ለዚህ ነው። የፎቶ ማስቀመጫ ፎልደሩን ስከፍት በጫማ ፎቶዎቹ መሃል ፎቶ ያልሆነ አንድ ፋይል ተኝቷል። ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ ቀኑ ቴሙ ከተጫነበት ቀን ጋር አንድ ነው። በአስተዳዳሪዎች ዝርዝር ውስጥም ነጋዴው የማያውቀው ሰው አለ። ያን ሱቅ ማጽዳት ከአዲስ መሥራት ይበልጥ አደከመኝ። ገንዘብ ከሌላችሁ ከወርድፕረስ የራሱ ማከማቻ ያሉትን ነጻ ቴሞች ውሰዱ። ቀለል ያሉ ናቸው፤ ለአንድ ጋቢ መሸጫ ግን ይበቃሉ። ጥሩ ፎቶ ከየትኛውም ቴም በላይ ይሸጣል።

በኢሜይል የሚመጣ «አስቸኳይ እድሳት»ም አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ከወርድፕረስ የተላከ የሚመስል የሐሰት መልእክት ለብዙ ባለቤቶች ደርሶ ነበር፤ ቀዳዳ ተገኝቶባችኋልና ይህን ጫኑ ይላል፤ የሚጫነው ራሱ ቀዳዳው ነው። እድሳት ከሱቃችሁ የአስተዳዳሪ ገጽ ውስጥ እንጂ ከኢሜይል አይወሰድም።

ወደ ክፍያ ልመለስ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኤም-ፔሳ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አሉልን፤ መክፈል ቀላል ሆኗል። መከፈሉን ማረጋገጥ ግን የሻጩ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። የክፍያ ማገናኛ በትክክል ሲገጠም የእናንተ ሰርቨር በራሱ ወደ ክፍያ ድርጅቱ ተመልሶ «ይህ ግብይት በእርግጥ ተፈጽሟል ወይ? ስንት ብር?» ብሎ ይጠይቃል። ቸኩሎ የሠራ ሰው ይህን ይዘለዋል። ገዢው «እናመሰግናለን» ወደሚለው ገጽ ከተመለሰ እንደከፈለ ይቆጠርለታል፤ የዚያን ገጽ አድራሻ ያወቀ ሰው ሳይከፍል ዘው ማለት ይችላል። የብሩን መጠን የማያመሳክር ሱቅ ደግሞ አንድ ብር ከፍሎ የአራት ሺህ ብር ቡልኮ ለሚወስድ ሰው በሩን ከፍቷል። ሱቃችሁን ስትረከቡ ሠሪውን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ከራሳችሁ ስልክ እውነተኛ አሥር ብር ክፈሉ፤ ብሩ ሂሳባችሁ ውስጥ መግባቱን እዩ። ከዚያ ሳትከፍሉ ጀምራችሁ አቋርጡት፤ ትዕዛዙ «ተከፍሏል» ካለ አትረከቡ።

ማገናኛ ሳይገጥሙ «ክፈሉና ስክሪንሾት ላኩ» የሚሉም ብዙዎች ናቸው። ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም። በስልክ ላይ በደቂቃ የሚሠራ ምስል ነው። የቴሌብር መልእክት ለተቀባዩ የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከተራ ስልክ ቁጥር «ገንዘብ ደርሶዎታል» የሚል መልእክት ቢመጣ አትመኑት። ከ127 የመጣ ቢመስልም መተግበሪያውን ከፍታችሁ ቀሪ ሂሳባችሁን ሳታዩ ዕቃ ወደ መናኸሪያ አትላኩ። ሹፌሩ ቸኩሏል፣ ገዢው ይጮኻል፤ ይጩኽ።

ከሁሉ በላይ ግን የሸማኔው ጥያቄ የሚመለከተው የሱቁን ቁልፍ ነው፤ በማን እጅ ነው ያለው? አርባ ምንጭ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ጎበዝ ተማሪዎች በትርፍ ጊዜያቸው በተመጣጣኝ ዋጋ ሱቅ ይሠሩልናል፤ ብዙዎቹ ቅን ልጆች ናቸው። ይመረቃሉ፣ ወደየአገራቸው ይሄዳሉ። ዶሜይኑ (የሱቁ የኢንተርኔት ስም) በእነሱ ስም ተመዝግቦ፣ ሰርቨሩ በእነሱ ኢሜይል ተከራይቶ፣ የአስተዳዳሪው ፓስዎርድ በእነሱ ስልክ ላይ ይቀራል። ከዓመት በኋላ የዶሜይኑ ማደሻ ማስታወቂያ ማንም ወደማያየው ኢሜይል ይላካል። አንድ ቀን ሱቁ ይጠፋል፤ ስሙን ሌላ ሰው ገዝቶት ይገኛል። ከዶርዜው ቤት ጋር ያመሳሰልኩት ያ ጥንካሬ፣ ሱቅን አንስቶ የመሄድ ነጻነት፣ የሚሠራው ቁልፉ በእጃችሁ ሲሆን ብቻ ነው። ዶሜይኑ በራሳችሁ ስምና ስልክ ይመዝገብ። ለሠሪው የራሱ መግቢያ ስጡት፣ ሥራው ሲያልቅ ዝጉት። ከክፍያ ድርጅቱ ጋር ያለው አካውንት በንግድ ፈቃዳችሁ ይከፈት፤ ምስጢራዊው ቁልፍ በቴሌግራም አይላክ። የሱቁ ቅጂ በየሳምንቱ ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን በሌላ ቦታ፣ ቢያንስ በፍላሽ፣ ይቀመጥ። ይህን ሁሉ የሚከታተል ሰው ስምና ክፍያ ተጽፎ ይታወቅ። ሱቁን ለመሥራት ከከፈላችሁት ይልቅ ለመጠበቅ በዓመት የምትከፍሉት ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን ከመጀመሪያው የማይነግራችሁን ሠሪ ተጠንቀቁ።

ሰርቨር በዶላር ነው የሚከራየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያንጊዜ የዓመት ኪራይ መክፈል አቅቷቸው የተዘጉ ሱቆችን አውቃለሁ። ይህን ስታሰሉ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፤ በእርግጥ ሱቅ ያስፈልገኛል? ለላንቴና ለጫኖ የሙዝ ነጋዴ አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ደንበኞቹ ጥቂት ጅምላ ተረካቢዎች ናቸው፣ ዋጋውም ከቀን ቀን ይለያያል፤ ስልክና የቴሌግራም ቻናል ይበቃዋል። የጫሞን ዓሣ የሚሸጥ ሰው ገንዘቡን በረዶ ላይ ቢያውል ይሻለዋል። ለሽመና ግን ያዋጣል። ጋቢ አይበሰብስም፣ በፎቶ ይታያል፣ ገዢው ሽሮ ሜዳ ድረስ ሳይሄድ ከሠሪው እጅ መግዛት ይፈልጋል።

የምትሰበስቡት የሰው ስም፣ ስልክና አድራሻ አደራ መሆኑንም እወቁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት፤ «ሶፍትዌሩ ነጻ ነበር» የሚል ምክንያት አያድንም። የማትፈልጉትን አትጠይቁ። የሱቅ ሶፍትዌር ሲጫን የፖስታ ቁጥርና የጎዳና ስም የሚጠይቁ ሳጥኖች ይዞ ይመጣል፤ እኛ ዘንድ ሰው የሚያውቀው ሰፈሩንና ስልኩን ነው። ሌላውን አጥፉት፤ ገዢውም ሳይሰለች ይጨርሳል።

ሱቃችሁ ተሰብሮ ብታገኙት ደንግጣችሁ ሁሉንም አታጥፉ፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። በመጀመሪያ ለክፍያ ድርጅቱ ደውላችሁ ቁልፉን አሰርዙ፤ ገንዘብ የሚፈሰው በዚያ ነውና። ከዚያ ሱቁን ለጊዜው ዘግታችሁ፣ እንዳለ ቀድታችሁ አስቀምጡ። ፓስዎርዶቹን ሁሉ ከሌላ ንጹህ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ቀይሩ። ደንበኞቻችሁ በስማችሁ እንዳይታለሉ በቻናላችሁ ንገሯቸው፤ ማፈር አያስፈልግም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ድርጊት በወንጀል ያስቀጣል፤ የትዕዛዙን ዝርዝር፣ የስልክ ቁጥሩንና ሰዓቱን አትማችሁ ለፖሊስ አመልክቱ።

የጨንቻዋ ልጅ ሱቋን አልዘጋችም። የሙከራውን ቁልፍ በእውነተኛው ቀየርን፣ ዶሜይኑን ከሠሪው ስም ወደ እሷ አዞርን፤ ልጁም ጥፋቱን አምኖ በደንብ ተባበረ። ከአባቷ የሽመና ዕቃ አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፋለች። «ቅጂ፦ እሑድ ማታ። አፕዴት፦ በወር መጀመሪያ። ብር ሳላይ ዕቃ አይወጣም። የሚጠብቅ፦» ይልና የራሷ ስምና የእኔ ስልክ ተጽፎበታል። ሦስቱ ጋቢዎች እስካሁን አልተገኙም፤ ፖሊስ ዘንድ ማመልከቻው አለ።